ለመንገደኛ ተማሪ ጣራ ያበጁ መምህር



የቤተ ክርስቲያን ኢዮቤልዩ በሚከበርበት ቀን፥ ቦታውን የሰጡትን፥ ድንጋዩን ያነባበሩትን፥ ደወሉን የሰቀሉትን ሰዎች ስም እየጠሩ ማመስገን የቆየ ልማድ ነው፤ የሚገባም ነው። አሁን ግን በዚህ ጉባኤ ፊት የሚነገረው ከዚህ አጥቢያ ያልተወለዱ የአንድ የውጭ አገር መምህር ታሪክ ነው። ሰሚው «ይህ ሰው ከእኛ በዓል ጋራ ምን አለው?» ቢል አይፈረድበትም። መልሱ አጭር ነው። የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ደጅ ከጥንት ጀምሮ ሲሠራው የኖረውን አንድ ሥራ፥ ይኸውም በእግሩ እየሄደ ዕውቀት የሚፈልገውን ልጅ ከዝናምና ከብርድ አስጠግቶ ማሳደርን፥ እኒህ ሰው በሌላ ምድርና በሌላ መንገድ፥ እጃቸው ላይ ምንም ሳይኖር ስላቋቋሙት ነው። ስማቸው ሪቻርድ ሺርማን ይባላል፤ አገራቸውም ጀርመን ነው።

ታሪካቸውን ለማስተዋል ግን ከዚሁ ከራሳችን መንገድ መነሣት ይሻላል። ከንባብ ቤት የወጣ ልጅ፥ ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ በትሩን ይዞ ከናት ካባቱ ቤት ሲለይ ምን እንደሚያገኘው በዚህ ጉባኤ ያሉ አባቶች ሁሉ ያውቁታል። ድጓ ቢሻ ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት ቢሻ ወደ ዙር አምባ፥ ቅኔ ቢሻ ወደ ዋሸራ፥ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋድላ ያቀናል፤ የሚያቀናውም በእግሩ ነው። ወንዙ ሲሞላ ከማዶ ቆሞ ይጠብቃል። ፀሓይ ስትጠልቅ በማያውቀው መንደር ዳር ይቆምና «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ብሎ ይጣራል። ከባለቤቱ በፊት ውሻው ይመልስለታል። ከዚያ በኋላ ወይ በሩ ይከፈትለታል፥ ወይ «እልፍ ብለህ ጠይቅ» ይባላል። በሩ ቢከፈትለት መደብ ላይ ወይም ምድጃ ዳር ይተኛል፤ ባይከፈትለት በደጀ ሰላሙ ጥግ ወይም በመቃብር ቤት ተኰራምቶ ያድራል። በማግሥቱም «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ መንገዱን ይቀጥላል። ብዙ ሊቅ የተማረበትን የግስ ብዛት በስተርጅና ሊረሳው ይችላል፤ በዝናም ሌሊት ገለባ ጐዝጕዛ ያሳደረችውን ሴት ግን ሲያነሣት ይኖራል።

እንግዲህ ይህንን በልብ ይዞ ወደ ሺርማን አገር መሻገር ይቻላል። ከዚህ በኋላ የሚጠሩት ዓመታት «በእኛ» ካልተባሉ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መምህር ሺርማን በ1874፥ በእኛ ግንቦት 8 ቀን 1866 ዓመተ ምሕረት፥ በምሥራቅ ፕሩስያ ግሩነንፌልድ በምትባል መንደር ተወለዱ። አባታቸው የመንደር ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። እኒህም የአባታቸውን ሥራ ወርሰው በመምህራን ትምህርት ቤት ተምረው መምህር ሆኑ። ያ የተወለዱበት ምድር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጀርመን እጅ ወጥቷልና፥ በእርጅናቸው ዘመን ወዳደጉበት መስክ ሊመለሱ የሚችሉ አልነበሩም፤ ነገር ግን ከልጅነታቸው ያገኙት የመስክና የጫካ ፍቅር በሄዱበት ሁሉ ተከትሏቸዋል።

በ1901 ወደ ምዕራብ ጀርመን፥ ጌልዘንኪርኸን ወደምትባል ከተማ ሄዱ። ይህች ከተማ የድንጋይ ከሰል የሚቈፈርባት፥ የብረት ማቅለጫው ጢስ ሌትና ቀን የሚወጣባት ነበረች። የማዕድን ሠራተኞቹ ልጆች በጠባብ ቤት ተፋፍገው ያድጋሉ፤ የሚጫወቱበትም መንገድ በከሰል ዐመድ የጠቈረ ነበረ። መምህሩ ስለ ወንዝ ሲያስተምሩ ልጆቹ ንጹሕ ወንዝ አላዩም፤ ስለ ወፍ ሲያስተምሩ ልጆቹ ከድንቢጥ በቀር የሚያውቁት የለም። መምህር ሺርማን ይህንን ባዩ ጊዜ አንድ ሐሳብ ያዛቸው፤ ይኸውም ልጆቹ ወንዙን በመጽሐፍ ከሚያዩት፥ እነርሱ ራሳቸው ወደ ወንዙ ቢሄዱ የሚል ነው። ስለዚህ ደቀ መዛሙርቶቻቸውን አስከትለው ከከተማ እየወጡ፥ ዛፉን በዛፉ ሥር፥ ድንጋዩን በድንጋዩ አጠገብ ያስተምሯቸው ጀመር።

ይህ በእኛ ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። የኔታ በዋርካ ጥላ ሥር ተቀምጠው ፊደል የሚያስቈጥሩባት አገር ልጅ፥ መምህር ከቤት ውጭ ሲያስተምር ቢያይ አይደነቅም። በዚያ ዘመን በጀርመን አገር ግን ትምህርት ማለት ልጆችን በረድፍ አስቀምጦ ጸጥ ማሰኘት ነበረና፥ የመምህር ሺርማን አካሄድ በበላዮቻቸው ሁሉ ዘንድ አልተወደደም። እርሳቸው ግን አልተዉትም። በ1903 ወደ አልቴና ተዛወሩ።

አልቴና ሌኔ በሚባል ወንዝ ዳር፥ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ያለች፥ ሽቦ በመጐተት ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። ከላይዋ በኰረብታው ራስ ላይ የማርክ መሳፍንት የሠሩት ጥንታዊ ግንብ ይታያል። ዙሪያዋም ሳወርላንድ የሚሉት ደንና ተራራ የሞላበት አገር ነው። መንገድ ለሚወድ መምህር ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም። መምህር ሺርማን የሽቦ ሠራተኞቹን ልጆች እየመሩ በየበዓሉ፥ በየዕረፍቱ ተራራ ለተራራ ይዞሩ ጀመር። መጀመሪያ የአንድ ቀን መንገድ ነበረ፤ ቀጥሎ የሁለት፥ የሦስት ቀን ሆነ። መንገዱ ሲረዝም ግን አንድ ጥያቄ አብሮ ረዘመ፤ ልጆቹ ሌሊቱን የት ይደሩ? ለሆቴል የሚከፈል ገንዘብ ከድኻ ልጅ ኪስ አይገኝም። ገበሬውም ብዙ ልጆች በጐተራው ውስጥ ሲተኙ እሳት ይነሣብኛል ብሎ ይፈራል፤ ቢፈራም አይፈረድበትም።

የዚህ ጥያቄ መልስ የተገኘው በአንድ የዝናም ሌሊት ነው። ቀኑም በ1909፥ በእኛ ነሐሴ 20 ቀን 1901 ዓመተ ምሕረት ነበረ፤ በአገራችን የፍልሰታ ጾም ከተፈታ በአራተኛው ቀን መሆኑ ነው። መምህር ሺርማን ደቀ መዛሙርቶቻቸውን ይዘው ከአልቴና ተነሥተው ወደ አኸን ከተማ በእግር ይሄዱ ነበር። ብሮል በሚባል ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ሳሉ ሰማዩ ጠቈረ፤ ነጐድጓድና መብረቅ ሆነ፤ ዝናሙም ወረደ። መጠጊያ ሲፈልጉ አንድ የመንደር ትምህርት ቤት አገኙ፤ ጊዜው የዕረፍት ወራት ስለ ነበረ ክፍሎቹ ባዶ ነበሩ። እንዲያድሩበት ተፈቀደላቸው። አንድ ገበሬ የሚተኙበትን ገለባ፥ ለራታቸውም ወተት ሰጣቸው። ልጆቹ ወተታቸውን ጠጥተው፥ ወንበሩን ወደ ጥግ ገፍተው፥ በገለባው ላይ ተኙ፤ እንደ ደከመ ልጅም ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

መምህሩን ግን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። መብረቁ መስኮቱን ሲያበራ ባዶውን ክፍል ይመለከቱ ነበር። በየመንደሩ እንደዚህ ያለ ቤት አለ፤ በዕረፍት ወራትም ሁሉ ተቈልፎ ባዶውን ይቀመጣል። ልጆች በመንገድ የሚወጡበት ወራትም ያው የዕረፍት ወራት ነው። ቤቱ ሰው በሌለው ጊዜ፥ ሰውም ቤት የለውም። እንግዲህ በአንድ ቀን የእግር መንገድ ልክ ርቀት፥ በእያንዳንዱ ከተማና ሸለቆ አንድ አንድ ትምህርት ቤት በሩን ቢከፍት፥ ገለባ ቢያዘጋጅ፥ የአገሩ ልጆች ሁሉ አገራቸውን በእግራቸው ሊያዩ ይችላሉ። ሐሳቡ ይህ ነው። ሌላ ምሥጢር የለበትም።

ቅኔ አዋቂ ይህንን ሲሰማ ሰሙንና ወርቁን መለየቱ አይቀርም፤ ሰሙ ገለባ ነው፥ ወርቁ ግን በቤተ ልሔም በእንግዳ ማረፊያ ስፍራ ያልተገኘለት ሕፃን ነው። መምህር ሺርማን እንዲህ አድርገው አልተናገሩትም፤ እርሳቸው የተግባር ሰው ነበሩ። ሲነጋም ያደረጉት መንገዳቸውን መቀጠል ነው። ነገር ግን ሐሳቡ ከዝናሙ ጋራ አልቆመም።

ሐሳብ ለብዙ ሰው ይመጣል፤ የሚያስቸግረው ሐሳቡን ቤት ማድረግ ነው። መምህር ሺርማን ሐሳባቸውን ጽፈው በ1910 የኮሎኝ ከተማ በሚታተም ታላቅ ጋዜጣ ላይ አወጡት። የሚረዷቸው ሰዎች ከልዩ ልዩ ቦታ ተነሡ። እርሳቸውም ሌላው እስኪጀምር አልጠበቁም፤ የሚያስተምሩበትን የአልቴናን ትምህርት ቤት ክፍል በዕረፍት ወራት ማደሪያ አደረጉት። ወንበሩና ጠረጴዛው ይነሣል፤ ገለባ የተሞላ ጆንያ ይነጠፋል፤ መንገደኛው ልጅ ይተኛል። ትምህርት ሲከፈት ጆንያው ይነሣና ወንበሩ ወደ ስፍራው ይመለሳል። ይህን የመሰለ ሥራ ነጋዴ ቢያየው ይስቅ ነበር፤ መነሻው ገለባ፥ ትርፉም የደከመ ልጅ እንቅልፍ ነውና።

ዳሩ ግን በዕረፍት ወራት ብቻ የሚከፈት በር ግማሽ በር ነው። ዓመቱን ሁሉ የሚከፈት ቤት ያስፈልግ ነበር። በዚያን ጊዜ የአውራጃው ገዢ ፍሪትዝ ቶሜ በኰረብታው ላይ ያለውን የፈረሰ ግንብ ያሳድሱ ነበርና፥ በዚሁ ግንብ ውስጥ ለመንገደኛ ወጣቶች ስፍራ ተገኘ። በ1912 በአልቴና ግንብ የተጀመረው ማደሪያ በዓለም የመጀመሪያው ቋሚ የወጣቶች ማደሪያ ቤት ተብሎ ይቈጠራል። አልጋዎቹ ከወፍራም እንጨት የተሠሩ፥ አንዱ ባንዱ ላይ ሦስት ደርብ ሆነው የቆሙ ናቸው። መሳፍንት ጠላታቸውን ለመከላከል የሠሩት ግንብ፥ የሽቦ ሠራተኛና የከሰል ቈፋሪ ልጅ ጫማውን አውልቆ የሚተኛበት ሆነ።

ሥራው ገና በእግሩ ሳይቆም በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። መምህር ሺርማንም ወታደር ሆነው ቮዥ በሚባሉት ተራሮች ላይ በምሽግ ውስጥ ከፈረንሳዮች ፊት ለፊት ተቀመጡ። በ1915 የልደት በዓል ቀን ያዩትን ነገር በኋላ ጽፈውታል። በሁለቱ ምሽግ መካከል ያለው መሬት ጠባብ ነበረ፤ ዛፉ በመድፍ ተቈራርጦ፥ ምድሩ ተገለባብጦ፥ የሰው ልብስ ቅዳጅ በሥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይታይ ነበር። ከምሽጉ በስተኋላ ባሉት መንደሮች የልደት ደወል በተሰማ ጊዜ ግን ማንም ሳያዝዝ ተኵሱ ቆመ። ጀርመኖቹና ፈረንሳዮቹ በተተወው የምሽግ መተላለፊያ እየተሻገሩ ተጐበኛኙ፤ እነዚያ ወይን ጠጅና ሲጃራ ሰጡ፥ እነዚህ ጥቍር ዳቦና ብስኩት ሰጡ። በዓሉ ካለፈ በኋላ እንኳ እንደ ወዳጅ ሊተያዩ ፈለጉ። ኋላም አለቆች የጦርነቱን ሥርዐት መለሱት፤ መተኳኰሱም ቀጠለ።

መምህሩ ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ነገር ያሰላስሉ ነበር። እነዚህ ሰዎች በአንድ ደወል ድምፅ ይህን ያህል ሊተዋወቁ ከቻሉ፥ የየአገሩ ወጣቶች ከጦርነት በፊት የሚገናኙበት፥ አንዱ ያንዱን ዳቦ የሚቀምስበት ቤት ቢኖር ምን ይሆን ነበር? የብሮሉ ሌሊት ለአገራቸው ልጆች ማደሪያ እንዲያስቡ አደረጋቸው፤ የቮዡ ቀን ግን በሩ ለባዕድ ልጅ ጭምር እንዲከፈት አሳሰባቸው። ከሁለቱ የሚበልጠው ሁለተኛው ነው። ለወገን ልጅ ገለባ መጐዝጐዝ ደግ ሥራ ነው፤ ትናንት ሲተኵስ ለዋለ ሰው ልጅ መጐዝጐዝ ግን ሌላ ነው።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1919 የጀርመን የወጣቶች ማደሪያ ቤቶች ማኅበር በአገር አቀፍ ደረጃ ተቋቋመ። በዚህ ሥራ ላይ ከመምህር ሺርማን ጋራ የተሰለፉት ዊልሄልም ሙንከር የሚባሉ የፋብሪካ ባለቤት ናቸው። ስለ እኒህ ሰው ጥቂት ሳይናገሩ ማለፍ አይገባም። ሺርማን ሕልም አላሚ ነበሩ፤ ሙንከር ሒሳብ ዐዋቂ። ሺርማን በየአገሩ እየዞሩ የሰውን ልብ ያነሣሡ ነበር፤ ሙንከር ያለ ደመወዝ ጽሕፈት ቤቱን ይዘው ደብዳቤ ይጽፋሉ፥ ገንዘብ ይሰበስባሉ፥ ደንብ ያወጣሉ። ስማቸው እንደ መሥራቹ ስም አይጠራም፤ ዳሩ ግን በየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ የሠራ ሰው ሁሉ ያለ እንደዚህ ያለ ሰው ሕንፃ ከመሠረቱ እንደማይወጣ ያውቃል።

በ1922 መምህር ሺርማን ማስተማሩን ትተው ሙሉ ጊዜያቸውን ለዚህ ሥራ ሰጡ። ሥራውም በበጎ ፈቃድ ብቻ የሚሄድ አልነበረም፤ እንደ ንግድ ቤት ቆጣቢ፥ እንደ ገዳም ደግሞ ሥርዐት ያለው ነበረ። የሚያድረው ልጅ ድኻ ሊከፍለው የሚችለውን ጥቂት ገንዘብ ይከፍላል፤ ምጽዋት ተቀባይ ነኝ ብሎ እንዳያፍር ነው። መኝታውን ራሱ ያነጥፋል፥ ሳሕኑን ራሱ ያጥባል፥ ሲሄድ ወለሉን ጠርጎ ይሄዳል። አልኮልና ትምባሆ ክልክል ነበረ። የወንዶችና የሴቶች መኝታ የተለየ ነበረ። በእያንዳንዱም ቤት «የማደሪያው ወላጆች» የሚባሉ ባልና ሚስት ይቀመጣሉ፤ ጠባቂ ወይም ሥራ አስኪያጅ አልተባሉም፥ አባትና እናት ተባሉ እንጂ። በዚህ ስም ውስጥ የመምህሩ አሳብ በሙሉ አለ። መንገደኛው ልጅ ለአንድ ሌሊት የሚገባበት ቤት ሆቴል ሳይሆን ቤተ ሰብ እንዲሆን ፈለጉ፤ ማታ የምታበስል እናት፥ በር የሚዘጋ አባት እንዲኖርበት። በአገራችን በመሸበት እንግዳ ደጅ የሚሰማው «ቤት ለእንግዳ» የሚለው ቃል በጀርመንኛ ቢነገር ከዚህ የራቀ አይመስልም።

ከዚህም ጋራ በ1920ዎቹ ዓመታት መካከል ስታውሙለ በሚባል ስፍራ፥ በፓደርቦርን ከተማ አጠገብ፥ የተተወ የወታደሮች ሰፈር ተቀብለው ለከተማ ልጆች መንደር አደረጉት። ተኵስ ይለመድበት የነበረ ሜዳ ልጆች የሚሯሯጡበት ሆነ። ግንቡንም ሰፈሩንም ከጦር ሥራ ወደ ልጅ ሥራ ማዞር ለእኒህ ሰው ልማድ የሆነ ይመስላል።

ፍሬው የበዛው በጥቂት ዓመት ነው። በ1932 ግድም በጀርመን ብቻ ከ2 ሺህ በላይ ማደሪያ ቤቶች ነበሩ፤ በዓመትም ከ4 ሚሊዮን በላይ አዳር ይቈጠር ነበር። ጐረቤት አገሮችም ይህንን አይተው የየራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ስዊስ፥ ፖላንድ፥ ሆላንድ፥ እንግሊዝም። ኢሳቤልና ሞንሮ ስሚዝ የተባሉ ባልና ሚስት መምህራን በጀርመን ያዩትን ወደ አሜሪካ ወስደው በ1934 በማሳቹሴትስ ኖርዝፊልድ የመጀመሪያውን ማደሪያ ከፈቱ። ከዚያ አስቀድሞ በ1932 የ11 ማኅበራት መልእክተኞች በአምስተርዳም ተሰብስበው የዓለሙን ኅብረት ሲመሠርቱ፥ ፕሬዚዳንት እንዲሆኑ የመረጡት የብሮሉን ሌሊት ሳይተኙ ያነጉትን መምህር ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩ በደስታ ቢያልቅ ለተናጋሪም ለሰሚም በቀለለ ነበር፤ ነገር ግን አላለቀም።

በ1933 ናዚዎች በጀርመን ሥልጣን ያዙ። ማደሪያ ቤቶቹም በሂትለር ወጣቶች ድርጅት ሥር ገቡ። ግድግዳው ያው ነው፤ አልጋውም ያው፤ ገበታውም ያው። ቤቱ ግን ያ ቤት አልነበረም። ለመንገደኛ ሁሉ የተከፈተው በር ለአይሁድ ልጆች ተዘጋባቸው። የእግር መንገድ የጦር ሰልፍ ሆነ፤ ልጆች ባዕድን እንዲያውቁ የተሠራ ቤት ባዕድን እንዲጠሉ የሚሠለጥኑበት ሆነ። መምህር ሺርማን በዚያን ጊዜ በሩን ረግጠው አልወጡም፤ የክብር ስም ተሰጥቷቸው በማኅበሩ ውስጥ ቆዩ። ሥራቸውን ከጥፋት ለማዳን ያሰቡ ይመስላል። የዕድሜ ልኩን ልፋት በሌላ እጅ ያየ ሰው ምን ያህል እንደሚጨነቅ ያልደረሰበት አይፈርድም፤ ሆኖም መልካም ሰው መሆናቸውን እየተናገሩ ይህንን መደበቅ ለመታሰቢያቸው ክብር አይጨምርም። ቤቱን ለማትረፍ ብሎ ከቤቱ ዐላማ ጠላት ጋራ አንድ ገበታ መቀመጥ ቤቱን አላተረፈም። በ1936 የዓለሙን ኅብረት ፕሬዚዳንትነት እንኳ እንዲለቁ ተገደዱ። ከሥራቸውም ተለይተው ግሬፈንቪስባኽ ወደምትባል፥ በታውኑስ ተራሮች ወዳለች መንደር ሄደው ተቀመጡ። ተራራና ደን እንደ ልጅነታቸው በዙሪያቸው ነበረ፤ ልጆቹ ግን አልነበሩም።

ለቤተ ክርስቲያን ሰው ይህ የታሪኩ ክፍል ከሌላው ሁሉ የሚከብድ ነው። የተሠራ ሕንፃ ለሃምሳ ዓመት ቆመ ማለት የተሠራለት ነገር ቆመ ማለት አይደለም። የአልቴና ግንብ በ1933 ድንጋዩ አልፈረሰም፥ ጣራውም አላፈሰሰም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1945 ሲያበቃ ጀርመን ፍርስራሽ ነበረች። ብዙዎቹ ማደሪያ ቤቶች ተቃጥለዋል፤ ሌሎቹም በስደተኛና በቁስለኛ ተሞልተዋል። መምህር ሺርማን በዚያን ጊዜ ሰባ ዓመት አልፏቸው ነበር። በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው ከምድጃ ዳር ተቀምጦ ያለፈውን ቢያወራ ማንም አይነቅፈውም። እርሳቸው ግን እንደ ገና ተነሥተው የማኅበሩን መታደስ ረዱ። የመጀመሪያው ሥራ ከገለባ ነበረ የተጀመረው፤ ሁለተኛው ከዐመድ ተጀመረ። ከጥቂት ዓመት በፊት እርስ በርስ የተጋደሉት የጀርመንና የፈረንሳይ ልጆች ደግሞ በአንድ ማደሪያ ገብተው በአንድ ገበታ ሲበሉ በዐይናቸው አዩ። በቮዥ ምሽግ ውስጥ በ1915 ያሰቡት ነገር ይህ ነበረና፥ ለማየት ሠላሳ ዓመትና ከዚያም በላይ ጠበቁ ማለት ነው። መንግሥትም የክብር ሜዳልያ ሸለማቸው፤ ዳሩ ግን ለእንደዚህ ያለ ሰው ሜዳልያ ከልጅ ጫማ ጭቃ የሚበልጥ አይመስልም።

በ1961፥ በእኛ ታኅሣሥ 5 ቀን 1954 ዓመተ ምሕረት፥ በሰማንያ ሰባት ዓመታቸው በዚያችው በግሬፈንቪስባኽ ዐረፉ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ከአራዊት ጋራ በበረሓ የኖሩት የጻድቁ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ወርኃዊ መታሰቢያ ነው፤ ይህ መገጣጠም ብቻ ቢሆንም፥ ቤትና ደጅ፥ ደንና ተራራ ሳይለዩ ለኖሩ ሰው የማይስማማ ቀን አይደለም።

ያቋቋሙት ኅብረት ከእርሳቸው በኋላ በአህጉራት ሁሉ ተስፋፍቷል፤ ዛሬ በብዙ አገር ወጣት ሻንጣውን ተሸክሞ ከከተማ ከተማ ሲሄድ የሚያርፍባቸው ቤቶች የልማዳቸውን ምንጭ ወደ አልቴና ይቈጥራሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ዛሬ ለትርፍ የሚሠሩ ናቸው፤ ሳሕን ማጠብና ወለል መጥረግም በብዙው ቦታ ቀርቷል። አንዳንዱ ሰው ይህንን እንደ እድገት ያየዋል። የገለባው ዘመን ሰዎች ቢያዩት ግን የሚታጠበው ሳሕን ምን በደለ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም ነበር።

የአልቴና ግንብ አሁንም በሌኔ ወንዝ ላይ ቆሟል። የመጀመሪያዎቹ የመኝታ ክፍሎች፥ ባለ ሦስት ደርብ የእንጨት አልጋዎቻቸው ሳይቀሩ፥ እንደ ቤተ መዘክር ተጠብቀው ለጐብኚ ይታያሉ። ጐብኚው አልጋዎቹን በእጁ እየዳሰሰ ጠባብነታቸውን ያደንቃል። በዚያው በግንቡ ቅጥር ውስጥ ደግሞ የወጣቶች ማደሪያ ቤት አለ፤ ከጫካ የመጡ ልጆችም ማታ ማታ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ይገባሉ።